ሳይሞት የሚቀበር የሒሳብ መኪና

ባለፈው እትም ስለ አሮጌ ራዲዮ ስጽፍ መጨረሻ ላይ «የጠረጴዛ የሒሳብ መኪና ያላችሁም ጻፉልኝ» ብዬ ነበር። ጻፋችሁ። በየቁም ሳጥኑ አናት፣ በየአልጋው ስር ይሄን ያህል መኪና ተኝቶ ኖሯል እንዴ! የዛሬውን አምድ ለእነሱ ለቅቄያለሁ።

የሒሳብ መኪና ስል ኪስ የሚገባውን ካልኩሌተር አይደለም። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውን፣ ሶኬት የሚፈልገውን፣ የጽሕፈት መኪና የሚያህለውን ነው። እንግሊዞች አኒታ የተባለውን የመጀመሪያውን ኤሌክትሮኒክ የጠረጴዛ መኪና ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። ከዚያ ፍሪደን፣ ሻርፕ፣ ካኖን፣ ኦሊቬቲ፣ ካሲዮ ተከታተሉ። ዋጋቸው የሚቀመስ አልነበረም። ፍሪደን ኢሲ-130 ገበያ ሲወጣ ከ2,000 ዶላር በላይ ይጠየቅበት ነበር። ዛሬ እጃችሁ ላይ ያለው አብዛኛው መኪና የመሥሪያ ቤት ንብረት የነበረው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። አባቴ የሒሳብ ሹም ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ መሥሪያ ቤታቸው በሐራጅ ከሸጠው አሮጌ ዕቃ ውስጥ የሚሠሩበትን የሒሳብ መኪና ገዝተው አመጡ። ቁጥሮቹ በመስታወት ቱቦ ውስጥ ብርቱካናማ ሆነው ይበሩ ነበር። አሁን አባቴ የሉም። ለብዙ ዓመት ከተቀመጠበት አውርጄ ስሰካው «እምም» አለ፣ ትንሽ ሸተተኝ፣ ቶሎ ነቀልኩት። አዲስ አበባ ያለ አንድ ባለሙያ «ሆድ ዕቃውን አውጥተን ዘመናዊ ካልኩሌተር እንክተትበት» አለኝ። ምን ይላሉ? — ከጠባሴ፣ ደብረ ብርሃን

መልስ፦ አባትህን ነፍስ ይማር። ቶሎ ስለነቀልከው ጎበዝ። ያ ባለሙያ ግን እጁን ይሰብስብ።

ያየኸው ምልክት አንጎሉ፣ ማለትም ሒሳቡን የሚሠራው ክፍል፣ መሞቱን አይናገርም። ድምፁም ሽታውም የሚመጡት ከኃይል ክፍሉ ነው። ከሶኬት የገባውን 220 ቮልት ትራንስፎርመሩ መኪናው ወደሚፈልጋቸው ቮልቶች ይቀይረዋል። ዳዮዶቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ያስኬዱታል። ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ያለሰልሱታል። እነዚህ ካፓሲተሮች ውስጣቸው ፈሳሽ አለ። በዕድሜ ብዛት ይደርቃል። ሳይሠሩ ሲቀመጡ ደግሞ ውስጣቸው ያለው ስስ መከላከያ ይበላሻል። ከዚያ ድንገት ሙሉ ቮልት ሲለቀቅባቸው ይግላሉ፣ ያፈስሳሉ፣ አንዳንዴም ይፈነዳሉ። እኔ ጋ «ሞቷል» ተብሎ ከመጣው መኪና አብዛኛው በሽታው እዚህ ነው የተገኘው። ቺፑ ጤነኛ ይሁን አይሁን ገና አልታወቀም፤ መብራት መቼ ደረሰውና!

ስለዚህ ደግመህ ከመሰካትህ በፊት አንድ ባለ 60 ዋት አምፖል ከመኪናው ጋር በሲሪስ አስገባ፤ ማለትም መብራቱ በአምፖሉ አልፎ ወደ መኪናው ይግባ። የድሮውን፣ ባለ ክሩን አምፖል ማለቴ ነው። ኤልኢዲ ለዚህ አይሆንም። ስትሰካው አምፖሉ ቦግ ብሎ ወዲያው ከደበዘዘ ደህና ነው። ቦግ ብሎ በዚያው ከቀረ ውስጥ የሆነ ቦታ ሾርት አለ፣ ንቀለው። አምፖሉ ትርፉን ኃይል ስለሚይዘው ትራንስፎርመሩ አይቃጠልብህም። ትራንስፎርመር ከተቃጠለ ነው ወጪው የሚበዛው።

አሁን ደግሞ የምቆጣበት ቦታ ላይ ደረስን። ብርቱካናማዎቹ ቱቦዎች ኒክሲ ይባላሉ። ለመብራት ከ170 እስከ 180 ቮልት የሚደርስ ይፈልጋሉ። መኪናው ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ ይህን ቮልት ይዘው ይቆያሉ። ሠፈራችን ያሉ ልጆች በካቻቢቴ ጫፍ «ጧ» አድርገው ሲያወርዱት አያለሁ። አታድርገው። ባለ 10 ኪሎ ኦም፣ ባለ 5 ዋት ሬዚስተር እጀታው በተሸፈነ ሽቦ ይዘህ በካፓሲተሩ ሁለት እግሮች ላይ አሳርፍ። ትንሽ ጠብቅ። ከዚያ በቴስተር ለካ። ንባቡ ከጥቂት ቮልት በታች ካልሆነ እጅህን አታስገባ። ደግሞ እኛ ያለነው ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየራችን ስስ ነው፣ ስስ አየር ደግሞ ከፍተኛ ቮልትን እንደ ቆላው አየር አይከላከልም። አዲስ ሽቦ የምትዘረጋ ከሆነ የ180 ቮልቱን መስመር ከሌላው ራቅ አድርገው።

ካፓሲተር ስትገዛ ማይክሮፋራዱ ያው ይሁን። ቮልቱ እኩል ወይም ከዚያ በላይ ይሁን እንጂ እንዳያንስ። 105 ዲግሪ የሚል ጽሑፍ ያለበትን ምረጥ። አሮጌውን ከማውጣትህ በፊት ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ በየት በኩል እንደሆነ ፎቶ አንሳ። መርካቶ ከተጣለ ቴሌቪዥን የተነቀለ በርካሽ ይሰጡሃል። አሮጌን በአሮጌ መተካት ምን ይሉታል?

ትራንስፎርመሩ ራሱ ከሞተ ነው አዲሱ ኤሌክትሮኒክስ መግባት የሚጀምረው። ዛሬ ከ12 ቮልት ወደ 180 የሚያወጣ መዳፍ የማትሞላ ቦርድ አለች። ለሎጂኩ የሚሆኑ ትንንሽ ቦርዶችም እንደ ልብ ናቸው። ግን መጀመሪያ መኪናህ ምን ምን ቮልት እንደሚፈልግ እወቅ። ሞስ የሚባሉት የመጀመሪያዎቹ ቺፖች እንደ ዛሬዎቹ በ5 ቮልት የሚሠሩ አይደሉም። ከ20 ቮልት በላይ፣ ያውም ኔጋቲቭ የሚፈልጉ አሉ። አዲሱን የኃይል ቦርድ ለብቻው አብርተህ፣ ለክተህ፣ ከረካህ በኋላ ብቻ ከመኪናው ጋር አገናኘው።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ አሁንም ዝም ካለ፣ ያን ጊዜ ወደ አንጎሉ እንሄዳለን። ክፈተውና እይ። በቦርዶቹ ላይ ትራንዚስተርና ዳዮድ እንደ ጤፍ የተዘራበት ከሆነ ደስ ይበልህ። ሥራው ረጅም ነው እንጂ እያንዳንዱ ተፈልጎ ይተካል። ጀርማኒየም ትራንዚስተር ካለበት ብቻ ተጠንቀቅ። ጀርማኒየም በ0.3 ቮልት አካባቢ ይከፈታል፣ ሲሊከን ግን 0.6 ይፈልጋል፤ አንዱን በሌላው ዝም ብሎ መቀየር ሌላ ጣጣ ያመጣል። በሌላ በኩል ጥቂት ትልልቅ ቺፖች ብቻ ካየህ ነገሩ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣው ሻርፕ ኪውቲ-8ዲ ሒሳቡን የሚሠራው ሮክዌል በሠራቸው አራት ቺፖች ነበር። እንዲህ ያሉ ቺፖች ለአንድ መኪና ብቻ የተሠሩ ናቸው። ፋብሪካው ካቆማቸው ዘመናት አልፈዋል። አንዱ ከሞተ ከሌላ ሬሳ ታወጣለህ፣ ካልሆነም ፕሮግራም በሚጫንባት ትንሽ ቺፕ፣ በማይክሮኮንትሮለር ትተካዋለህ።

በማይክሮኮንትሮለር መተካት ማለት ግን ባለሙያህ እንዳለው አይደለም። እሱ የሚልህ አዲስ ካልኩሌተር የአባትህን ካባ ይልበስ ነው። እኔ የምልህ የሞተው ብቻ ይተካ። የአባትህ ጣት የለመደው ቁልፍ ይቆይ። ኒክሲዎቹም ይቆዩ፤ የሚያበራቸው አይሲ (ቺፕ) ከተቃጠለ 74141 ወይም የሶቪየቱ አቻው ኬ155አይዲ1 ዛሬም ይገኛል። አዲሱ ቦርድ አሮጌው ቦርድ ይሰካበት በነበረው ሶኬት ላይ ይሰካ። አንድም መስመር አይቆረጥ፣ ቀዳዳ አይበሳ። የወጣውን አሮጌ ቦርድ ወረቀት ጠቅልለህ እዚያው መኪናው ውስጥ አስቀምጠው። ነገ የልጅ ልጅህ ደህናውን ቺፕ ቢያገኝ መልሶ ይሰካዋል።

ጥያቄ፦ የእኔ መኪና በባትሪም ይሠራ ነበር። ስከፍተው ባትሪዎቹ ፈንድተው አረንጓዴና ነጭ ነገር ቦርዱን ወርሶታል። አንድ ጎረቤቴ በቤኪንግ ሶዳ እጠቢው አለኝ። ልክ ነው? — ከደብረ ሲና

መልስ፦ ጎረቤትሽ የተሽከርካሪ ባትሪ አስቦ ነው። የተሽከርካሪ ባትሪ አሲድ ነው፤ ቤኪንግ ሶዳ ያስታግሰዋል። የአንቺው ግን ኒኬል ካድሚየም ነው፤ የሚያፈስሰው የአሲድ ተቃራኒ ነው። ስለዚህ ትንሽ አቼቶ በጥጥ እያስነካሽ አስታግሺው። አረፋ ሲያወጣ ታይዋለሽ። ከዚያ በተጣራ ውሃ አጥቢው፣ በመጨረሻም በፋርማሲ አልኮል ጥረጊውና በደንብ ይድረቅ። አልኮሉ ጠንከር ያለው ይሁን። የደብረ ብርሃን አረቄ ለብርድ እንጂ ለቦርድ አይሆንም። ጓንት አድርጊ፤ ካድሚየም መርዝ ነው፣ ዱቄቱን እፍ ብለሽ እንዳታቦኚው።

መስመሮቹ ተበልተው የተቋረጡ ካሉ በቀጭን ሽቦ ድልድይ ሥሪላቸው። አዲሱን ባትሪ ደግሞ ከቦርዱ በላይ አታስቀምጪ። መያዣውን ወጣ አድርገሽ በሽቦ አገናኚው። የሊትየም ባትሪ እንዳትከቺ፤ የድሮው ቻርጀር ለእሱ አልተሠራም።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ። ከተማሪዎቼ ጋር ቺፑ የሞተ ባለ 12 አሃዝ የጠረጴዛ መኪና አርዱዊኖ (ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ ቦርድ) አስገብተን አነሳነው። ቁልፎቹ ይሠራሉ፣ ቁጥሮቹ ይበራሉ። ነገር ግን 123456789 ብለን ስናስገባ 123456792 ይላል። ትንንሽ ቁጥሮች ላይ ስህተት የለውም። አርዱዊኖው ተበላሽቶ ይሆን? — ከመሐል ሜዳ

መልስ፦ መምህር፣ ከዚህ ወር ደብዳቤዎች ሁሉ የእርስዎን ወድጄዋለሁ። አርዱዊኖው ጤነኛ ነው። ተማሪዎችዎ ፕሮግራሙ ውስጥ ቁጥሩን «ፍሎት» በሚባለው፣ ነጥብ ያለው ቁጥር በሚያዝበት ዓይነት ስላስቀመጡት ነው።

በተለመደው አርዱዊኖ ላይ ፍሎት የሚይዘው 6 ወይም 7 አስተማማኝ አሃዝ ብቻ ነው። ሰፋ ያለውን ዓይነት «ደብል» ብትሉትም በዚያች ቺፕ ላይ ያው ነው፣ ለውጥ የለውም። ቁጥሩ 123 ሚሊዮን አካባቢ ሲደርስ ፍሎት በ8 በ8 ነው የሚራመደው። 123456784 አለ፣ ቀጥሎ 123456792 አለ፣ በመሐል ምንም የለም። 123456789 ለኋለኛው ይቀርባልና እሱ ላይ ዐረፈ። አንድ ብትደምሩበትም ንቅንቅ አይልም። ሞክሩት፣ ልጆቹ ይገረማሉ።

መፍትሔው አሮጌው ቺፕ ይሠራበት የነበረው መንገድ ነው። የድሮዎቹ መኪናዎች ፍሎት የሚባል ነገር አያውቁም። እያንዳንዱን አሃዝ በራሱ ቤት ያስቀምጣሉ። 12 ቤት፣ በየቤቱ ከ0 እስከ 9። ሲደምሩ ከቀኝ ይጀምራሉ፤ ከ9 ካለፈ አሥሩን ቀንሰው «አንድ ይዘን» ብለው ወደ ግራ ያሻግራሉ። ልጆቹ ሁለተኛ ክፍል የተማሩት ነው። ማባዛት ደጋግሞ መደመርና ቤት መግፋት ነው። ማካፈል ደጋግሞ መቀነስ ነው። ይህን ጻፉ፣ ችግሩ ይጠፋል።

«ቦታ ይበቃናል ወይ?» እንዳትሉኝ። የአርዱዊኖው ቺፕ ኤቲሜጋ 328 ላይ 32 ኪሎባይት የፕሮግራም ቦታ አላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የሲንክሌር ሳይንቲፊክ ካልኩሌተር ሳይን፣ ኮሳይን፣ ሎጋሪዝም ሁሉ የሚሠራው በ320 ትእዛዝ ነበር። ቺፑን ከፍተው በማይክሮስኮፕ አንብበውት ነው ይህ የታወቀው። የኢንቴል 4004 ቺፕም የተሠራው ቡሲኮም ለሚባል የጃፓን ኩባንያ የጠረጴዛ መኪና ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 ሲወጣ 2,300 ገደማ ትራንዚስተር ብቻ ነበረው። እናንተ የያዛችሁት አርዱዊኖ ከሁለቱም በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ቦታ አያሳስባችሁ።

ሁለት ነገር ልጨምር። ቁልፎቹን በሚመለከት፣ አሮጌ ቁልፍ ሲነካ አንድ ጊዜ ብቻ አይነካም፤ ይንቀጠቀጣል። ከ10 እስከ 20 ሚሊሰከንድ ጠብቁና ደግማችሁ አንብቡ። ያለዚያ አንዱ 5 ሁለት 5 ይሆንባችኋል። ቁጥሮቹን ደግሞ አንድ በአንድ እያፈራረቃችሁ ከሆነ የምታበሩት፣ ለእያንዳንዱ 1 ሚሊሰከንድ ብትሰጡ 12ቱ በሰከንድ 83 ጊዜ ይዞራሉ። ዓይን አያውቀውም። ሒሳቡ ረዘም ብሎ ማብራቱን ካስቆመው ግን ብልጭ ድርግም ይላል፤ ስለዚህ ማብራቱን ቺፑ ውስጥ ላለው ታይመር ስጡት።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው የእኔ አስተያየት ነው፣ ባትቀበሉትም አልቀየምም። የመኪናውን ጠባይ አታስተካክሉ። በድሮው መኪና 1 ለ3 ተካፍሎ በ3 ሲባዛ 1 አይመጣም፣ 0.99999 እያለ ይሄዳል፤ ምክንያቱም አያጠጋጋም። ይቆይ። ብዙዎቹ በዜሮ ስታካፍሏቸው ማቆሚያ የሌለው ቅነሳ ውስጥ ገብተው ይሽከረከራሉ። እሱም ይቆይ፣ «አጽዳ» የሚለው ቁልፍ ያስቆመው። ከ8 ላይ 3 ለመቀነስም 8 ተብሎ += የሚለው ቁልፍ ይነካል፣ ከዚያ 3 ተብሎ −= ይነካል። አንዳንድ የሻርፕ መኪናዎች ላይ ማባዣና ማካፈያው አንድ ቁልፍ ነው፤ ውጤቱን በ+= ከጠየቁት ያባዛል፣ በ−= ከጠየቁት ያካፍላል። ልጆቹ መጀመሪያ ይስቃሉ። ከዚያ «ለምን እንዲህ ሠሩት?» ብለው ሲጠይቁ ቁልፍም ሽቦም ውድ የነበረበትን ዘመን ያስተምሯቸዋል። ያንን ጠባይ አጥፍታችሁ ዘመናዊ ብታደርጉት ስልካቸው ላይ ካለው በምን ይለያል?

ጥያቄ፦ ሱቅ ውስጥ የምጠቀምበት ሰማያዊ ቀመስ አረንጓዴ ቁጥር ያለው አሮጌ መኪና አለኝ። አንዱ ቁጥር ጭራሽ አይበራም፣ ሌሎቹም ደብዝዘዋል። በኤልኢዲ ሊቀየር ይችላል? ቀይ ቢሆን እመርጣለሁ። — ከሸዋ ሮቢት

መልስ፦ ይቻላል። ግን አትቸኩይ እህቴ። ቱቦዎቹ አንድ በአንድ የተለያዩ ከሆኑ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ቁጥር የራሱ መስታወት ካለው፣ የማይበራውን ከጎኑ ካለው ጋር ቦታ አለዋውጪው። ችግሩ ከቱቦው ጋር አብሮ ከሄደ ቱቦው ነው የሞተው። እዚያው ቦታ ላይ ከቀረ ግን ቱቦው ጤነኛ ነው፤ የሚያበራው ትራንዚስተር ነው የተበላሸው። እሱ ደግሞ ቀላል ነው።

ቱቦው ከሆነ በጎንና በጎን ያሉትን የክር እግሮች በቴስተር ለኪ። ክሩ ፀጉር የሚያህል ነው። ከተበጠሰ አይቀጠልም። ሁሉም የደበዘዙት ግን ከዕድሜ ሊሆን ይችላል፣ ወይም የኃይል ክፍሉ የሚሰጠው ቮልት ወርዶ። መጀመሪያ ቮልቱን ለኪ። ካፓሲተር ቀይራችሁ ብርሃኑ ቢመለስ አይግረምሽ።

የግድ ኤልኢዲ ከሆነ ማክስ 7219 የሚባለው አይሲ 8 አሃዝ ያበራል። ለ12 አሃዝ ሁለት ይበቃሉ። ቀይ ግን ተዪው። መኪናሽ ፊቱ ላይ አረንጓዴ ፕላስቲክ ካለው ቀዩን ብርሃን ይውጠዋል፤ አረንጓዴ ኤልኢዲ አድርጊ። የድሮውን ቱቦ አስቀርተሽ አንጎሉን ብቻ የምትቀይሪ ከሆነ ደግሞ ማይክሮኮንትሮለሩን በቀጥታ ከቱቦው ጋር አታገናኚ። የእሱ እግር 5 ቮልት ነው፣ ቱቦው ከ20 እስከ 50 ይፈልጋል። በመሐል ዩዲኤን 2981 የመሰለ፣ ከላይ የሚሰጥ ድራይቨር ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የሚያውቀው ዩኤልኤን 2803 ወደ ታች የሚስብ ነውና እዚህ አይሠራም።

በነገራችን ላይ የሻርፕ ኪውቲ-8ዲ ቱቦዎች ላይ ዜሮዋ የቁመት ግማሽ ናት። እንዲህ ያለ መኪና ከሆነ እባክሽ ኤልኢዲ አታስገቢበት። የእናንተ አገር ሙቀትም አለ። መኪናውን ፀሐይ ከሚያገኘው መደርደሪያ አውርጂው፣ ጀርባው ያለውን ማናፈሻ ቀዳዳ በዕቃ አትዝጊው።

ጥያቄ፦ የአጎቴ ልጅ ከአሜሪካ ወረቀት ላይ የሚያትም የሒሳብ መኪና ላከልኝ። ጀርባው ላይ 117 ይላል። ስታብላይዘር አለኝ፣ በእሱ ልሰካው? — ከዓለም ከተማ

መልስ፦ እንዳትሰካው! የቤት ስታብላይዘር 220ውን ያረጋጋዋል እንጂ ወደ 110 አያወርደውም። መጀመሪያ ጀርባውንና ሆዱን እይ፤ 117 እና 220 የሚል መቀየሪያ ያላቸው አሉ። ካለ ወደ 220 አዙረህ ፊውዙን በግማሽ ቀንሰው። በ117 ላይ ግማሽ አምፔር የነበረው በ220 ላይ ሩብ አምፔር ይበቃዋል። መቀየሪያ ከሌለው ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ግዛ። ጀርባው ላይ የተጻፈው ዋት ሁለት እጥፍ የሚችል ይሁን፣ የማተሚያው ሞተር ሲነሳ ብዙ ይስባል። ያን ጊዜ ፊውዙ እንዳለ ይቆይ።

አሜሪካ 60 ኸርዝ ነው፣ እኛ 50። በትራንስፎርመር ይህ አይቀየርም። ሞተሩ ፍጥነቱን ከመስመሩ የሚወስድ ዓይነት ከሆነ ቀስ ብሎ ያትማል፣ ትራንስፎርመሩም ከወትሮው ሞቅ ይላል። ብዙ ከጋለ አጥፋው። ፊውዙን ተቃጥሎ ካገኘኸው በሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልለህ እንዳትመልሰው። መቀየሪያ ይኑረው አይኑረው እርግጠኛ ካልሆንክ የጀርባውን ፎቶ ላክልኝ፤ የሞዴል ቁጥሩ እንዲነበብ አድርገህ በብርሃን አንሳው።